ስልኬን ሞተሬ ላይ የት ልሰር? ጥያቄውና 26 መልሶቹ

ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ማታ፣ የተሰባበረ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ሞተረኞች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ለጠፍኩት። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። የዚያን ቀን ከገርጂ ወደ ጎሮ ስሄድ ከአስፋልት ወጥቼ ኮብልስቶን ውስጥ ገባሁ። ሃምሳ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ስልኩ ከመያዣው ተስፈንጥሮ ወጣ። ከኋላዬ ሚኒባስ ነበር፤ ጎማው ሄደበት። የደንበኛዋ ሎኬሽንም ስልክ ቁጥሯም እዚያው ውስጥ ስለነበሩ ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። የልጅ መድኃኒት ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ጠየቅሁ። ስልክ ሞተር ላይ የት ቢታሰር አይወድቅም? የት ቢሆንስ ዓይኔ መንገዱን ሳይለቅ አየዋለሁ? በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ አርባ ምንጭ ለመሄድ አስቤ ነበርና፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ካርታው እንዴት እንደሚሆንም ጨመርኩበት። 26 መልስ መጣ። አንዳንዱ ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ጭቅጭቅ ነው። እየጠቀሰ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እንደ አመጣጣቸው ላውጋችሁ።

1ኛው መላሽ ስለ ስልኩ ከማውራቱ በፊት እኔ ደህና መሆኔን ጠየቀ። ዕቃ ወደቀብኝ ብሎ መሀል መንገድ ላይ ዞሮ የሚያነሳ ሞተረኛ እንደሚያጋጥመው ጽፎ፣ ሁለተኛ ቢደርስብኝ መጀመሪያ ዳር እንድይዝ መከረኝ። ሌላ አልጨመረም። አመሰግነዋለሁ።

2ኛው አዳማ የሚሠራ የሞተር መካኒክ ነው። የውይይቱ ምሰሶ እሱ ነበር። ሰው መያዣ ሲገዛ ስልኩን የሚጨብጠውን ጥርስ ነው የሚያየው፤ የሚላላው ግን መሪውን የሚይዘው አንገቱ ነው አለ። አብዛኛው የሞተር መሪ 22 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ወፍራሙ ዓይነት 28 ይደርሳል። ገበያ ላይ ያለው መያዣ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ስለሚሸጥ ቀጭኑ መሪ ላይ ክፍተት ይተዋል። ያንን ክፍተት በካርቶን ወይም በፕላስተር መሙላት ዋጋ የለውም፤ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ቆርጦ መሪው ላይ መጠቅለል ነው። ጎማው ይነክሳል፣ ንዝረቱንም ትንሽ ይውጣል።

ቀጥሎ ቦታውን ነገረኝ። ስልኩ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ፣ ከፍ ብሎ፣ ዓይን ከመንገዱ ብዙም ሳይወርድ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። መሀል ላይ ከነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ከታሰረ አገጭን ደረት ላይ ጥሎ ማየት ይመጣል። አስሬ ስጨርስ ሞተሩን በማቆሚያው አቁሜ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዳዞር አዘዘኝ። ስልኩ ታንከሩን ከነካ፣ የፍሬን ገመድ ከተያዘ፣ ወይም የፍጥነት መለኪያው ከተሸፈነ ቦታው አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ለብቻው ጻፈው። የመያዣው ክንድ የስልኩን የጎን ቁልፍ እንዳይጫን። ብዙ ሰው ስልኩ በራሱ እየጠፋ አስቸገረኝ የሚለው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገረን።

የእኔ ስልክ ከመሪው መሀል፣ ዝቅ ብሎ ነበር የታሰረው። መያዣውም በፕላስተር ነበር የተጠቀለለው። ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

3ኛው መላሽ በመካኒኩ ሐሳብ ተስማማ። ግን መያዣውን ከመሪው ይልቅ በስፖኪዮው ዘንግ ላይ ማሰር ይሻላል ባይ ነው፤ ይበልጥ ከፍ ይላል። ደግሞም አንዳንድ ያማሃ ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ብሎን ጥርስ ተገላቢጦሽ እንደሆነ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር እንደሚፈታ አስጠነቀቀ። ይህን ሳያውቅ እንደ ተራ ብሎን በጉልበት የፈታ ሰው ጥርሱን ይጨርሰዋል። እኔ የስፖኪዮውን ሐሳብ ሞክሬው አልወደድኩትም። ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ዘንጉ ግን ረጅም ስለሆነ ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

በንዝረት ነገር ላይ 4ኛው ገባ። አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ያወጣውን ማሳሰቢያ አስታወሰን። ኩባንያው የኃይለኛ ሞተር ሳይክል ንዝረት ለረጅም ጊዜ ከደረሰበት የአይፎን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል ጽፏል። ምክንያቱ ካሜራው ውስጥ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርግ ተንቀሳቃሽ ክፍል መኖሩ ነው። 5ኛው ተቆጣ። ይህ የሀብታም ወሬ ነው፣ እኛ የምንነዳው 100 እና 150 ሲሲ ነው፣ አይፎን ሞተር ላይ የሚያስር የታለ ብሎ ሰደበው ማለት ይቻላል። 6ኛዋ በትሕትና አረመችው። ማሳሰቢያው ስለ ትናንሽ ሞተሮችም እንደሚናገር፣ ለእነሱም ንዝረት የሚቀንስ መያዣ እንደሚመክር አስረዳች። እንዲህ ያለ ካሜራ ያለው ስልክ ደግሞ አይፎን ብቻ አይደለም። ካሜራችሁን ክፈቱት፣ ምስሉ በራሱ የሚርገበገብ ከሆነ ወይም አጥርቶ ማንሳት ካቃተው ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው አለች። 5ኛው በኋላ ተመልሶ መጥቶ ካሜራውን እንደከፈተ ጻፈ። ይርገበገባል። ይቅርታም ጠየቃት። ስድብ በበዛበት ቦታ ይህን ማየት ደስ ይላል።

7ኛው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድማችን ነው። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ለሞተር ተብሎ የተሠራ ጂፒኤስ ልግዛ ነው ምክሩ። እሱ ያለው ጋርሚን ዙሞ ኤክስቲ ነው፤ መስታወቱ 5.5 ኢንች፣ በጓንት የሚነካ፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ ውሃ የማይፈራ። ለኢትዮጵያ መንገድም በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ነፃ ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ የተዘጋጀ ካርታ እንደሚጫንበት ነገረን። 8ኛው ዋጋውን በብር አስልቶ፣ በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ሞተር ለመግዛት እንደሚቀርብ ጽፎ፣ ውጭ ያለ ሰው ለእኛ ምክር ከመስጠቱ በፊት ኪሳችንን ይወቅ አለ። ይህ አግባብ አልነበረም። ሰውየው የሚያውቀውን ነው የነገረን። እሱም አልተቀየመም፤ የሚሸጠው አሮጌ እንዳለው፣ ወደ አዲስ የሚመጣ ሰው ካገኘ ሊልክ እንደሚችል ነገረን።

ከ9 እስከ 13 ያለው ሁሉ አንድ ጭቅጭቅ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው።

9ኛው ያለ ኔትወርክ ጂፒኤስ አይሠራም ብሎ ደመደመ። ማስረጃው የራሱ ነበር። ወደ ደቡብ ሲሄድ ቡታጅራን አልፎ ዳታው ሲጠፋ ካርታውም ጠፋ፣ ግራጫ ወረቀት ሆነ። 10ኛው ደገፈው። 11ኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል መሃይም አላቸው፤ አስተዳዳሪው ያንን ቃል አጠፋበት። 12ኛው የመሬት ቀያሽ እንደሆነ ገልጾ በረጅሙ ጻፈ፤ የጻፈውን በእኔ አባባል ላስቀምጠው።

ስልኩ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ያላችሁበት ቦታ ነው፣ ሁለተኛው የቦታው ሥዕል። ያላችሁበትን ቦታ ስልኩ የሚያውቀው ከሳተላይት ነው። የአሜሪካዎቹ ጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ስልካችን ለእነሱ ምንም አይልክም፤ እንደ ሬዲዮ ያዳምጣል ብቻ። ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ከሰማ ቦታውን ያሰላል። አሁን ያሉት ስልኮች የሩሲያውን፣ የአውሮፓውንና የቻይናውን ሳተላይቶችም አብረው ይሰማሉ። ለዚህ ሲም ካርድም ዳታም አያስፈልግም። ሥዕሉ ግን ከኢንተርኔት ነው የሚመጣው። አስቀድሞ ካልወረደ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥዕሉ ይጠፋል፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ግን ግራጫው ላይ እንደቆመች ትቀራለች። 9ኛው ያየው ይህንን ነው።

ኔትወርክ የሚረዳው ለመነሻ ነው። ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ለስልኩ ሹክ ይለዋል፣ ቦታውም በሰከንዶች ይገኛል። ያለ ዳታ ግን ስልኩ ራሱ አዳምጦ መማር አለበት። ከፍተውት ሜዳ ላይ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መቆም ነው። ሰው ግን ሞተሩን አስነስቶ እየሄደ ይጠብቀዋል፣ ያን ጊዜ ይበልጥ ይዘገያል። ገደል ለገደል በሚሄድ መንገድ ደግሞ የሚታየው ሰማይ ጠባብ ስለሆነ ነጥቧ ትዘላለች። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ 600 ሜትር ለሚጠጋ መንገድ ጨርሶ ትጠፋለች፤ ሲወጡ ትመለሳለች። ስልኩ ተበላሸ ብሎ መደናገጥ የለም።

13ኛው አንድ ጥያቄ ጨመረ። መብራት ላይ ሲቆም ቀስቱ ለምን ይሽከረከራል? ቀያሹ መለሰለት። ጂፒኤስ አቅጣጫን የሚያውቀው ከእንቅስቃሴ ነው። ሲቆሙ ስልኩ ወደ ኮምፓሱ ይዞራል፤ ኮምፓሱን ደግሞ ማግኔት ያለው መያዣ ያሳስተዋል። ማግኔቱ ሳተላይቱን አይነካም፣ ቀስቱን ግን ያዞራል። ሃያ ሜትር ሄዶ ማየት ነው መፍትሔው።

9ኛው ስህተቱን አልተቀበለም። ግን ካርታ የሚወርደው እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ይበቃል። ጉግል ማፕ ላይ አካባቢን መርጦ ማውረድ ይቻላል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት የካርታ መተግበሪያዎች ደግሞ ከመጀመሪያውም የተሠሩት ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ነው።

14ኛው ወደ ቻርጅ ወሰደን። ቻርጀሩን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ ያለ ፊውዝ፣ ገመዱን ከወንበሩ ሥር ሲያሳልፍ ብረት ፈግፍጎት ቃሊቲ ላይ ጭስ በጭስ ሆነ። ዕድለ ቢስነቴ ነው ብሎ ነው የጻፈው። መካኒኩ፣ 2ኛው ማለት ነው፣ በ15ኛው መልስ ላይ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ለስላሳ አልነበረም። ዕድል አይደለም፣ ፊውዝ አለማድረግ ነው አለው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይገባል። መቀየሪያው 12 ቮልቱን ወደ 5 ያወርደዋል። መስመሩ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ይሁን። ያለዚያ የሞተር ባትሪ ትንሽ ናትና ሌሊቱን ታልቃለች። 16ኛው ትንሽ ልጅ ይመስለኛል፣ ጋሼ እያለ በአክብሮት ፓወር ባንክ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀው። መካኒኩ ወዲያው ለዘበ። ለከተማ ሥራ ፓወር ባንክ ከበቂ በላይ እንደሆነ፣ ሞተሩን ከመነካካትም እንደሚሻል ነገረው። እኔም የያዝኩት ይህንን ነው።

ዝናብ ላይ 17ኛው ፌስታል አለ። ሁላችንም አድርገነዋል። 18ኛው አልተስማማም። በፌስታል ውስጥ ስልኩ ያልበዋል፣ መስታወቱ ላይ የወረደ የውሃ ጠብታም እንደ ጣት ይቆጠራል፤ ካርታው በራሱ ይገላበጣል። አይፒ 67 የሚለው የውሃ መከላከያ ደረጃም 1 ሜትር ጥልቀት ባለው የቆመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ማለት ነው፤ ስልኩ አዲስ በነበረበት ጊዜ። የላቫጆ ውሃ ግፊት ሌላ ነገር ነው። ቻርጅ መሰኪያው እርጥብ ሆኖ ገመድ መሰካት ደግሞ መሰኪያውን ይበላዋል። ሲዘንብ ስልኩን ኪስ ከትታችሁ ካርታው የሚናገረውን በጆሮ ስሙ ነው ምክሩ።

በጆሮ የሚለው ቃል 19ኛዋን አመጣት። ሐዋሳ ነው የምትነዳው። ስልኳን ሞተሩ ላይ ጨርሶ አታስርም። ከመነሳቷ በፊት መንገዱን አንድ ጊዜ ታጠናለች፣ ከዚያ በአንድ ጆሮዋ ትሰማለች። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ለሁለት ሰከንድ ስልኩን ቢያይ 33 ሜትር በጭፍን ይሄዳል ብላ አሰላችልን። በዚያ 33 ሜትር ውስጥ ልጅም በግም ይገባል። 20ኛው ጆሮ መድፈንም ያው ነው ብሎ ጮኸባት፤ ጡሩንባ አይሰማም አለ። 21 ላይ ረጋ ብላ መለሰች። አንድ ጆሮ ነው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ግን በሕግም ያስቀጣል። የካርታው የእንግሊዝኛ ድምፅ የሰፈሮቻችንን ስም ስትጠራ ግራ እንደሚያጋባ አልካደችም። ስለዚህ የምትሰማው ቀኝ፣ ግራና ሜትሩን ብቻ ነው።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ዕቃ የሚያደርስ ሰው በቀን ሃያ ቦታ ይሄዳል፣ ሃያ መንገድ አጥንቶ አይዘልቀውም። ስልኩ ይታሰር፤ ሲቆሙ ይታይ፣ ሲሄዱ ይሰማ። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፣ እሷም አልተቃወመችም።

ከዚያ ወሬው ሄደ። 22ኛው ሞተር ሲሰረቅ ስለሚያገለግለው መከታተያ ጠየቀ። 23ኛው ያ ሌላ ዕቃ እንደሆነ ነገረው። ቦታውን ከሳተላይት ይሰማል፣ በሲም ካርድ ደግሞ ለባለቤቱ ይልካል፤ እሱ ነው ኔትወርክ የሚፈልገው። 9ኛው ይህን ሲያይ ነጥብ እንዳገኘ ቆጠረው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ የተደረገበት ጊዜም ተነሳ። ያን ጊዜ ሥራ የፈቱ ጓደኞች ነበሩን። ብዙ ተባለበት።

24ኛው ግን ልብ የሚነካ ጉዳይ አነሳ። ቤታችን ቁጥር የለውም ማለት ይቻላል፤ የምንመራው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት እየተባለ ነው። ስለዚህ ሎኬሽን ላክልኝ እንላለን። ደንበኛው ግን ቢሮው ተቀምጦ ያለበትን ይልካል፣ ዕቃው የሚፈለገው ቤት ነው። ወይም ቤት ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ፣ ነጥቡ ገና ሳይረጋ ይልካል፤ ነጥቡ ሁለት ጎዳና ያህል ርቆ ይስታል። ይህ ሰው ለደንበኞቹ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል። በር ላይ ወጥተው ጥቂት ቆይተው እንዲልኩ፣ አንድ የሚታወቅ ምልክትም እንዲነግሩት። በኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገድ ከተቀየረ ወዲህ ደግሞ ያወረደውን ካርታ በየወሩ ያድሳል። እኔም ዛሬ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። የደንበኛዬን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ደረት ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ።

25ኛው የእኔ ነው። ከአርባ ምንጭ ስመለስ ጻፍኩት። መያዣውን ከመሪው በስተግራ፣ ከመለኪያው አጠገብ፣ በውስጥ ጎማ ላይ አሰርኩ። የስልኩን አራት ማዕዘኖች በላስቲክ ያዝኩ፣ ቀጭን ገመድም ለመጠባበቂያ አደረግሁ። በአለም ገና ወጥቼ፣ ጢያ ላይ ሐውልቶቹን አይቼ፣ ቡታጅራ ስደርስ ዳታውን ሆን ብዬ አጠፋሁት። ነጥቧ እስከ አርባ ምንጭ አልጠፋችም። ከሆሳዕና በኋላ ካርታው አቋራጭ አሳየኝ። መንገድ ዳር ያገኘኋቸውን አንድ አባት ጠየቅሁ፤ በክረምት ወንዙ እንደሚቆርጠው ነገሩኝና በአስፋልቱ ቀጠልኩ። ከሶዶ ቁልቁል ሙቀቱ ሲጨምር መስታወቱ እየደበዘዘ ሄደ። አፕል ለአይፎን የሚያስቀምጠው የአየር ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የእኔ አንድሮይድም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ዛፍ ጥላ ሥር አቁሜ አበረድኩት። አንድ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ጠቆረብኝ። ጠፋ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ፖላራይዝድ መነጽሬ ነው። ጭንቅላቴን ዘንበል ሳደርግ በራ። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚያወጣው ዳገት ጠመዝማዛ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ ላይ ስልኩን አላየሁም። የሚያስፈልግም አልነበረም፣ መንገዱ አንድ ነው።

ስልኩ እንዳልወደቀ፣ እንዳልተነቃነቀም ጻፍኩ። ሁሉንም አመሰገንኩ።

26ኛው የመካኒኩ ነበር። ደስ እንዳለው ገለጸ። ከዚያ የመያዣውን ዳዶ ከጉዞው ወዲህ አጥብቄው እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሞተሩ ግቢ ቆሟል። የእጅ ባትሪ ይዤ ወረድኩ። ግማሽ ዙር ላልቶ ነበር።